ከልስኑ ወዲያ የገባሁት ወንፈል

ስለ ጋኔን፣ ስለ ቀትር ልክፍት፣ ውሃ ዳር ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል ስለሚባለው ምናምን ወሬ ሲነሳ ጋቢዬን አንስቼ ከቤት የምወጣ ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመስክሩ፣ እናቴ እንኳ በሕይወት ሳለች «የዚህ ልጅ፣ የባየህ ልቡ ደረቅ ነው» እያለች ታማርርብኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያወራ ሰው ወይ ጠጥቷል፣ ወይ አሞታል፣ ወይ ሥራ ፈትቷል ብዬ ነው የማስበው፣ ዛሬም ቢሆን የሌላ ሰው ወሬ አላምንም። የራሴን ግን ምን ላድርገው? በጆሮዬ ሰምቼ፣ በእጄ ዳስሼ፣ በገዛ አፌ ተናግሬ የገባሁበት ነገር ነው፣ ያውም በጨለማ አይደለም፣ የመተማ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር ላይ ነው።

ጊዜው ጣልያን መተማን የያዘበት ጊዜ ነው። የጦሩ አዛዥ ካፒቴን ሙቀት የማይችል ሰው ነበር፣ በርሜል ውስጥ ውሃ አስሞልቶ እዚያው ተቀምጦ ወረቀት ይፈርማል ይባል ነበር፣ ይኼን እንኳ በዓይኔ አላየሁም፣ ብቻ አንድ ቀን ተነሳና ካምፑ ውስጥ የሚዋኝበት ትልቅ ገንዳ ይሠራልኝ አለ። ሥራው ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ታከለ ተሰጠ። አያ ታከለ ከጎንደር ወደ ቆላ ከወረድንበት ጊዜ ጀምሮ በመተማ ግንብ በተባለ ግንብ ሁሉ ላይ እጁ ያለበት ግንበኛ ነው፣ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ድንጋይ ወድቆበት ከግማሹ ተቆርጧል፣ በዚያች በጎደለች እጁ ግን ግድግዳ ሲያለሰልስ ጣቱ ሙሉ የሆነው ሁሉ ይቀናበት ነበር። እኔ አሸዋና ውሃ አቀብለዋለሁ።

ስትቆፍሩ አጥንት ወጣ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ያ ሁሉ ጦር ባለቀበት መተማ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ አጥንት ያላገኘ ሰው የለም፣ ያገኘነውን እንደ ወጉ ሰብስበን ቤተ ክርስቲያን ወስደን ቀብረናል፣ ወሬውን የሰማ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሮጠው፣ እኔ ግን እላችኋለሁ፣ የእኔ ጣጣ የመጣው ከአጥንት ሳይሆን ከአመድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሲሚንቶው ከጎንደር በካሚዮን ነበር የሚመጣው፣ መንገዱን ደግሞ አርበኞች ይቆርጡታል፣ የመጨረሻው ልስን ላይ ስንደርስ ሲሚንቶው ሊያልቅ ሆነ፣ ካፒቴኑ ደግሞ ጨርሱ ብሎ ጮኸ። አያ ታከለ ምን ያድርግ፣ ሰው ቤቱን ሲለቀልቅ የሚያደርገውን አደረገ፣ ከየቤቱ የምድጃ አመድ አስመጥቶ፣ በወንፊት አስነፍቶ፣ ከተረፈችው ሲሚንቶ ጋር ለወሰና በመዳፉና በወንዝ ድንጋይ እየዳበሰ አለሰለሰው። እመኑኝ፣ ያን የመሰለ ልስን አይቼ አላውቅም፣ ሲደርቅ ፊት ያሳይ ነበር። የእኛ አገር ሰው ግድግዳ በአመድ ሲያምር እንጂ ውሃ በአመድ ሲበላሽ የት አይቶ ያውቃል።

ገንዳው ከጓንግ ወንዝ በበርሜል በተቀዳ ውሃ ተሞላ። በማግስቱ ብናየው ውሃው እንደ አጓት ነጥቷል፣ ፊቱ ላይ ስስ ቅርፊት ይዟል። ካፒቴኑ ማን ሊከለክለው፣ ዘሎ ገባ፣ ከመግባቱም ዘሎ ወጣ፣ ዓይኑ ፍም መስሏል፣ ብብቱና ብሽሽቱ ተቃጥሏል። ሐኪማቸው አንድ ወረቀት ውሃው ውስጥ ነክሮ አየና ራሱን ነቀነቀ፣ ካፒቴኑም ከሽፍቶች ጋር ተመሳጥራችሁ መርዝ ጨመራችሁብኝ ብሎ አያ ታከለን በሰንሰለት አሠረው። በዚያ ሰሞን ከጎንደር ትልልቅ ሹሞች ለጉብኝት ሊመጡ ነበርና ለእኔ በአስተርጓሚ የተነገረኝ ይኼ ነው፤ እነሱ እስኪመጡ ውሃው ጠርቶ፣ የማይፋጅ ከሆነ ወንድምህ ይፈታል፣ ካልሆነ እነሱ በመጡበት ካሚዮን ተጭኖ ጎንደር ይሄዳል። ያን ጊዜ ታስሮ ጎንደር የሄደ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የነበረውን መንገብገብ በምን ቃል ልንገራችሁ። ሐኪሙ ቀያይ ወረቀቶችና በጠርሙስ የተሞላ አሲድ ሰጠኝ፣ ወረቀቱ ውሃው ውስጥ ተነክሮ ቀይ እንደሆነ ከቀረ ውሃው ደህና ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ገና ይፋጃል፣ አሲዱን ጥቂት ጥቂት እያልክ ጨምር፣ ግድግዳውን በመጥረጊያ ፈትግ አለኝ። ጨመርኩ፣ ፈተግሁ፣ ማታ ወረቀቱ ቀይ ሆኖ ቀረ፣ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው፣ ጠዋት ሄጄ ብነክር ሰማያዊ። እንደገና ጨመርኩ፣ እንደገና ማታ ቀይ፣ ጠዋት ሰማያዊ። ግድግዳው ውስጥ ያለው አመድ ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋ ያድራል፣ እኔ ይኼን አውቃለሁ፣ ግን ለማን ልናገር? ሄጄ በታሰረበት የሽቦ አጥር በኩል ሳየው አያ ታከለ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የአመዱን ወሬ ካነሳህ ሁለታችንንም ይሰቅሉናል» አለኝ። እንግዲህ የበሽታውን ስም እያወቁ ዝም ብሎ ማስታመም ማለት ይኼ ነው።

አሲዱ አለቀ፣ ሌላ እንዳይመጣ መንገዱ ተቆርጧል። ሐኪሙ ለተውሳክ የሚሆን ነጭ ዱቄት ሰጠኝ፣ እሱን ብጨምርበት ወረቀቱ ጭራሽ ገና ከመነከሩ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። በገላባትና በመተማ መካከል የሚነግደው ሐጂ እድሪስ አዘነልኝና ሱዳኖቹ አርዴብ የሚሉትን ኮምጣጣ ፍሬ በግመል ጭኖ አመጣልኝ፣ እሱን ዘፍዝፌ፣ አሽቼ፣ አጥልዬ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩ። ወረቀቱ ቀይ ሆነ፣ እሰይ አልኩ፣ በማግስቱ ግን ሰማያዊነቱ እንዳለ ሆኖ ውሃው አተላ መሰለ፣ ካፒቴኑ መጥቶ አየና በጥፊ አጮለኝ። ሰዓቱ ደግሞ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ሹሞቹ ከጎንደር ተነስተዋል የሚል ወሬ መጣ፣ እኔ መጥረጊያ ይዤ ግድግዳ እፈትጋለሁ፣ እናደዳለሁ፣ ደግሞ እፈትጋለሁ። ሐጂ እድሪስ አንድ ቀን ሲሄድ ቀትር ላይ ብቻህን እዚያ አትቀመጥ፣ ወላሂ ጥሩ አይደለም ብሎኝ ነበር፣ ሳቅሁበት።

ቀትር ላይ ያ ካምፕ ሬሳ ነው የሚሆነው። ጣልያኖቹም ለእነሱ ያደሩት አስካሪ ወታደሮችም ጥላ ፈልገው ይተኛሉ፣ ውሻ እንኳ አይጮህም፣ እኔ ብቻ ነኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣ ወንድሙ ሰንሰለት ላይ ያለ ሰው እንዴት ይተኛል። ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ከውሃው አሽሽቼ ሳለ ነው ያን ድምፅ የሰማሁት፣ ሸሽ... ሸሽ... የሚል፣ ቀስ ያለ፣ የተመጠነ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው፣ መዳፍ እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲሄድ የሚያወጣው ድምፅ ነው፣ አያ ታከለ ሥራ ላይ ሲሆን ከጎኑ ሆኜ ስሰማው የኖርኩት ነው። ዘወር ብዬ አየሁ፣ ሰው የለም። ውሃ ይሆናል አልኩ፣ ውሃው ቀጥ ብሏል። እንሽላሊት ይሆናል አልኩ፣ ሄጄ ብመለከት ምንም የለም፣ ድምፁም ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ ከወዲያኛው ግድግዳ በኩል ቀጠለ። ይኼ የረሃብ ነው ብዬ ቂጣዬን በላሁ፣ ቂጣዬን ስበላም ቀጠለ።

በሌላው ቀን ቀትርም እንደዚያው ሆነ። እንዲያውም በዚያን ቀን ያየሁት አለ፣ ድምፁ በሚሄድበት በኩል የውሃው ፊት ላይ ያለችው ነጭ ቅርፊት ትንሽ ትንሽ ትንቀጠቀጥና ትሰነጠቅ ነበር፣ ከግድግዳው አጠገብ ብቻ፣ ነፋስ ሳይኖር። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ደግሞ ማን ያዳምጠኛል፣ በዚያ ላይ ሹሞቹ ሊደርሱ ነው፣ የእኔ ጭንቀት ውሃው እንጂ ድምፁ አልነበረም።

ከዚያ ውሃውን እስከ ወገብ አጉድለን አዲስ ልንቀዳበት ሆነ። ውሃው ወርዶ ባዶ የቀረውን ግድግዳ ቀትር ላይ ብቻዬን ስፈትግ እጄ አንድ ነገር ነካ። አያ ታከለ ያን ልስን እንዴት እንዳለሰለሰው ነግሬያችኋለሁ፣ አንድ እብጠት አልነበረበትም፣ አሁን ግን መዳፌ ሥር የጣት መንገዶች አሉ፣ ግማሽ ክብ እየሠሩ የሚሄዱ፣ ለቅላቂ እጁን ሲያዞር የሚተዋቸው ዓይነት። ማን ነካብኝ ብዬ ተናደድኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጣት መንገድ ሲለቀለቅ ይጎደጉዳል እንጂ አያብጥም አይደል? እነዚያ ግን ወደ እኔ ያበጡ ነበሩ፣ ሰው ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ እጁን ሲያስኬድ እንደሚታየው። ያኔ ገባኝ። ድምፁ ከእኔ ወገን አልነበረም፣ ከልስኑ ወዲያ፣ ከአፈሩ በኩል አንድ ሰው፣ ወይም ሰው ያልሆነ፣ የራሱን ግድግዳ እየለቀለቀ ነበር፣ የእኛ የሚፋጅ ውሃ ወደሱ እንዳይሰርግ። እሱንም ፈጅተነዋል ማለት ነው አልኩ፣ ይህን በማለቴም በራሴ ላይ ተናደድኩ።

እንግዲህ በዚያች ቅጽበት ብትሮጥ ይሻልህ ነበር የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፣ እሱ ግን ወንድሙ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ካሚዮን ላይ የሚጫንበት ሰው አልነበረም። እኔ አልፈራሁም፣ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ እኔ ከወዲህ ስፈትግ፣ እሱ ከወዲያ ሲለቀልቅ፣ ሁለታችንም ለአንድ ግድግዳ ስንለፋ፣ ውሃው እንደሆነ ወይ ፍንክች። መዳፌን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ አጠገቤ ላለ ገበሬ እንደምናገር አድርጌ ተናገርኩ።

«አንተ ከወዲያ ያለኸው፣ ለየብቻ ከምንለፋ ወንፈል እንግባ» አልኩ። «ዛሬ የእኔን ሥራልኝ፣ ያንተ ቀን ሲደርስ እኔ እመጣለሁ።»

ድምፁ ቆመ። ከዚያ ልክ መዳፌ ባረፈበት ቦታ፣ ከወዲያ በኩል፣ አንድ ጊዜ ጧ አለ፣ ሰዎች ተስማምተው እጅ ሲመታቱ እንደሚሰማው፣ መዳፌን ጠዘጠዘኝ። እጄን አነሳሁና ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት፣ ለምን እንደጠረግሁት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ በርሜሎቹ መጥተው ገንዳውን ሞሉት፣ ሰዎቹ ሲያወሩና ሲጮኹ ሳለ እኔ ያን ሸሽ ሸሽ የሚል ድምፅ ከሥራቸው እሰማው ነበር፣ በአራቱም ግድግዳ ይዞራል፣ ይፈጥናል፣ እነሱ ግን አይሰሙትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆመ። ውሃው ከግድግዳው ወደ መሐል እየጠራ፣ እየጠራ መጥቶ ወለሉ ላይ የወደቀች የመጥረጊያ ጭራሮ ታየችኝ፣ ወረቀት ነከርኩ፣ ቀይ። ጠዋት ነከርኩ፣ ቀይ። በማግስቱ ሹሞቹ ሲደርሱ ነከርኩ፣ አሁንም ቀይ፣ ካፒቴኑ ዘሎ ገባ፣ ዓሣ ሆኖ ሲገለባበጥ ዋለ፣ አያ ታከለም በዚያው ዕለት ሰንሰለቱ ተፈታለት። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ይኼን ለመናገር አላፍርም።

ቤት ከገባን በኋላ ነገሩን እንደ ቀልድ አጫወትኩት። እሱ አልሳቀም። ወንፈል ብለህ ነው የተናገርከው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት። እጅ ተመታታችሁ ወይ አለኝ፣ መዳፌን አሳየሁት። አያ ታከለ እንዲህ ባለ ነገር ቀልድ አያውቅም፣ ወንፈል ገብቶ ሳይመልስ የቀረ ሰው እሱ ዘንድ ሰው አይደለም፣ ንዳድ ይዞት እንኳ የጎረቤቱን ማሳ አርሞ የመጣ ነው። «ሥራው የተሠራው እኔ እንድፈታ ስለሆነ የምመልሰውም እኔ ነኝ» አለና ወሬውን ዘጋው።

ጊዜው ሄደ። እንግሊዞች በገላባት በኩል መጡ፣ ጣልያን መተማን ለቆ ወጣ፣ ገንዳው ደርቆ ተሰነጣጠቀና የፍየል መዋያ ሆነ። እኔ ረስቼው ነበር፣ ወይም የረሳሁ መስሎኝ ነበር፣ እስከዚያች ቀን ድረስ። ምሳ በልተን፣ እኔና አያ ታከለ እቤቴ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈን ስንጫወት፣ ከጀርባችን ሸሽ... ሸሽ... አለ። ምስጥ ነው አልኩ ቶሎ ብዬ፣ የመተማ ቤት ሁሉ ምስጥ አለበት፣ አያ ታከለ ግን ቀድሞ ተነስቶ እጁን ይታጠብ ነበር። እኔ ዘንድ ያስቀመጣትን ያቺን የሚያለሰልስባትን የወንዝ ድንጋይ ከጣሪያው ሥር አወረደ። የት ነው አልኩት፣ ጋቢውን ያዝኩት፣ አልለቅም አልኩ፣ አንተ ሽማግሌ አብደሃል ወይ አልኩት፣ ያን ያህል ደፍሬ ተናግሬው አላውቅም።

«ወንድሜ ባየህ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ ጋቢውን ከእጄ እያስለቀቀ፣ «ያኔ ጎንደር ወስደውኝ ቢሆን ዛሬ ተዝካሬም ተረስቷል። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ውዬ እመጣለሁ።»

ተናድጄ ሂድ እንግዲህ አልኩና ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ንዴቴ እስኪበርድ ነው የቆየሁት፣ ብዙም አይደለም፣ ከዚያ ተነስቼ ወደ ገንዳው ሮጥኩ። ፍየሎቹ ወጥተው ራቅ ብለው ቆመዋል። ጫማው ገንዳው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ ጋቢው ታጥፎ ላዩ ላይ አለ፣ ወለሉ ላይ ባለው አቧራ የእግሩ ዱካ እስከ ግድግዳው ይሄዳል፣ የሚመለስ ዱካ የለም። ያ ስንት በጋ ውሃ ያላየ ግድግዳ እርጥብ ነበር። ወደ እኔ ያበጡት የጣት መንገዶች ትኩስ ናቸው፣ በእጄ ዳሰስኳቸው፣ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት እያልኩ፣ የሌባ ጣቱ መንገድ ከሌሎቹ ያጠረ ነበር። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሁለት እጆች ይሠሩ ነበር፣ አንዱ ፈጠን ያለ፣ አንዱ እኔ የማውቀው። አያ ታከለ ብዬ ጠራሁት፣ አንዱ እጅ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ።

ሰው ጠርቼ፣ ዶማ አምጥቼ ግድግዳውን አፈረስነው። ከኋላው ያገኘነው ደረቅ የዋልካ አፈር ነው፣ ክፍተት የለው፣ ጉድጓድ የለው፣ ቆፈርን፣ ደከመን፣ ተውነው። ሰዉ ሁሉ ታከለ ወደ ሱዳን ተሻግሯል አለ፣ ሐጂ እድሪስ ሳይቀር ለእኔ ብሎ ገዳሪፍ ድረስ ጠይቆ መጣ፣ ያየው የለም። ሚስቱ ጥቁር አልለበሰችም፣ ውዬ እመጣለሁ ብሎ የወጣ ሰው አይለቀስለትም ትላለች።

ዛሬ የምኖረው ሳንጃ ነው፣ ከመተማ የራቅሁ መስሎኝ። በአያ ታከለ ላይ ያለኝ ንዴት እስከ አሁን አልበረደም፣ ወንፈሉን የገባሁት እኔ ነኝ፣ ማን ሂድልኝ አለው። ቀትር ሲሆን፣ ቤተሰቡ ሲተኛ፣ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ምንም የለም፣ አንዳንድ ቀን ከሩቅ ያቺ የጎደለች እጅ ስትሄድ እሰማለሁ፣ አልደከመችም፣ አልፈጠነችም። በእኛ አገር ወንፈል የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እዚያ ወዲያ ግን ፀሐይ መቼ እንደምትጠልቅ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።